በአባቱ እውነተኛ ስም የተሸሸገው ልጅ፦ የዳንከን ጆንስ የፊልም ሕይወት ሲፈተሽ

በጃንዋሪ 2009 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሚካሄደው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ አንድ የብሪታንያ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች ቀረበ። ርዕሱ «ሙን»፣ ማለትም «ጨረቃ» ነው። ዳይሬክተሩ ዳንከን ጆንስ በወቅቱ የ37 ዓመት ሰው ሲሆን ከዚያ በፊት ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልም ሠርቶ አያውቅም ነበር። የልጁን ሥራ ለማየት ከመጡት መካከል አባቱ ይገኝበታል፤ አባቱ ደግሞ የሮክ ሙዚቃን መልክ በየአሥርት ዓመቱ ሲለዋውጥ የኖረው ዴቪድ ቦዊ ነው።

በአገራችን ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ የራሱን ስም ከአባቱ ስም ጋር ይናገራል፤ የማን ልጅ እንደሆነም ከዚያው ይታወቃል። በዳንከን ጆንስ ላይ የሆነው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ቦዊ በ1947 በለንደን ብሪክስተን ሰፈር ሲወለድ የወጣለት ስም ዴቪድ ሮበርት ጆንስ ነበር። በ1965 ግን ዴቪ ጆንስ ከሚባል ሌላ ዘፋኝ ጋር ስሙ እንዳይምታታ ብሎ ራሱን ቦዊ ብሎ ሰየመ። ልጁ የተጠራው በእውነተኛው የቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ በአባቱ ስም እየተጠራ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይታወቅበት ለመኖር ቻለ። ሌሎች የዝነኛ ልጆች ከአባት ስም ለማምለጥ ሌላ ስም ይፈልጋሉ፤ እርሱ የተሸሸገው በአባቱ ስም ውስጥ ነው።

ስለ ዝነኛ ሰው ልጅ ሲወራ ሁለት ዓይነት ወሬ ይደጋገማል። አንደኛው «አባቱ በር ከፈተለት» ይላል፤ ሁለተኛው «ስሙን ጥሎ በራሱ ላብ ደረሰ» ይላል። የጆንስን የፊልም ሕይወት ከመጀመሪያው ስንከታተለው ሁለቱም እንደማይበቁ እናያለን። በእኔ እምነት ከአባቱ ያገኘው ትልቁ ውርስ ዝናው ሳይሆን ጊዜ ነው፤ በልጅነቱ አባቱ አብሮት ካሜራ ይዞ ያሳለፈው ጊዜ፣ ካደገም በኋላ የእንጀራ ጭንቀት ሳያጣድፈው መንገዱን ስቶ እንደገና ለመጀመር የተሰጠው ጊዜ። የሠራቸው ፊልሞችም ይህን ውርስ በደንብ ሲጠቀምበትና ሳይጠቀምበት ምን እንደሆነ ያሳያሉ።

ልጅነት

ጆንስ የተወለደው በሜይ 30 ቀን 1971 ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ሙሉ ስም ዳንከን ዞዊ ሄይዉድ ጆንስ ሲሆን በሕፃንነቱ የሚጠራው በመካከለኛው ስም ነበር፤ ዞዊ ከቦዊ ጋር ቤት የሚመታ ስም በመሆኑ ለጋዜጦች የተመቸ ነበር። አባቱ በዚያው ዓመት ባወጣው «ሃንኪ ዶሪ» አልበም ውስጥ ለአራስ ልጁ የጻፈው ዘፈን ይገኛል። ልጁ ግን አሥራዎቹ ውስጥ ሲገባ ይህን ስም ትቶ ጆይ መባልን መረጠ፤ ለአካለ መጠን ሲደርስ ደግሞ ዳንከን በሚለው የመጀመሪያ ስሙ ጸና። አንድ ልጅ ስሙን ሁለት ጊዜ መለወጡ ቀላል ነገር አይደለም። ማንም ሳያውቀኝ ልኑር የሚል ጽኑ ፍላጎት ከዚያ ዕድሜ ጀምሮ እንደነበረው ያሳያል።

ወላጆቹ በ1980 ተፋቱ፤ ልጁን የማሳደግ መብት የተሰጠው ለአባቱ ነው። ቦዊ ኮንሰርትና ቀረጻ ላይ በሚሆንበት ጊዜ ልጁን በቅርብ የምታሳድገው ሞግዚቱ ነበረች፤ እርሷን ወደ ኋላ እናነሣታለን። የኖሩባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ አባቱ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአደንዛዥ ዕፅ ለመራቅ በተጠለለባት በግንብ በተከፈለችው በርሊን፣ በለንደንና በስዊዘርላንድ። በ14 ዓመቱ የአሁኑ ንጉሥ ቻርልስ በተማሩበት በስኮትላንዱ ጎርደንስተን አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ።

ቦዊ ለልጁ የስምንት ሚሊሜትር ካሜራ ሰጥቶት ነበር። ሁለቱ በአንድነት የልጅ መጫወቻ አሻንጉሊቶችን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ፎቶ እያነሡ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ይሠሩ ነበር። አባትየው የታሪክ ቅደም ተከተል በሥዕል እንዴት እንደሚነደፍና የተቀረጸው ፊልም ተቆርጦ እንዴት እንደሚቀጠል አስተምሮታል። ብዙ ሰው የቦዊ ልጅ የሙዚቃ መሣሪያ ሳይዝ ቀርቶ ካሜራ መያዙን እንደ ሽሽት ይቆጥረዋል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ቦዊ ራሱ ተዋናይ ነበርና ልጁ የመረጠው የአባቱን ሁለተኛ ሙያ ነው፤ ያውም በአደባባይ የተመለከተውን ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ ሌላ ሰው በሌለበት የተማረውን።

ዘግይቶ መድረስ

ከዚህ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል የፈጀ ዙሪያ ጥምጥም ጉዞ ይመጣል። ጆንስ በአሜሪካ ኦሃዮ በሚገኘው በዉስተር ኮሌጅ ፍልስፍና አጥንቶ በ1995 በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቀ። የመመረቂያ ጽሑፉ በአእምሮና በአካል ግንኙነት ላይ የሚያተኩር ሲሆን የሚያስብ ማሽን ቢሠራ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚያስነሣ የሚመረምር ነበር። ቀጥሎ ለዶክትሬት ትምህርት በቴነሲ ግዛት ወደሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ቢገባም አልጨረሰውም። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ለንደን የፊልም ትምህርት ቤት ገባና በ2001 ተመረቀ። ያኔ ዕድሜው 30 ደርሶ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት ከአባቱ ዓለም ፈጽሞ አልራቀም። በ1992 ቦዊ ከጎረቤታችን ሶማሊያ ተወላጅ ከሆነችው ሞዴል ከኢማን ጋር ሲጋባ ሚዜው ልጁ ነበር። በ1997 በኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለቦዊ 50ኛ ዓመት የልደት በዓል በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይም ጆንስ ከካሜራ ባለሙያዎቹ አንዱ ሆኖ ሠርቷል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ የአባት በር ክፍት ነበር። ልጁም በዚያ በር የገባው መድረክ ላይ ለመውጣት ሳይሆን ከካሜራ ኋላ ለመቆም ነው።

ከምረቃው በኋላ አጭር ፊልምና የቪዲዮ ጌም ትዕይንቶች ሠራ፤ እንጀራው ግን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነበር። በ2006 ፍሬንች ኮኔክሽን ለተባለው የልብስ ኩባንያ የሠራው ማስታወቂያ፣ ፋሽንንና ስታይልን የሚወክሉ ሁለት ሴቶች ሲደባደቡ ቆይተው በመሳሳም የሚጨርሱበት በመሆኑ በብሪታንያ ለማስታወቂያ ተቆጣጣሪው ብዙ አቤቱታ አስነሥቷል። ለዚህ ጥናት ዋናው ነገር አቤቱታው አይደለም። ማስታወቂያ አንድን ትዕይንት በጥቂት ቀን፣ በተወሰነ ገንዘብና በብልሃት መቅረጽን ያስተምራል፤ ቀጥሎ ያዳነውም ይኸው ሙያ ነው።

«ሙን»

የፊልሙ አነሳስ ራሱ አስተማሪ ነው። ጆንስ ለተዋናዩ ሳም ሮክዌል ይዞ የሄደው ሌላ ጽሑፍ ነበር፤ ያ ጽሑፍ ኋላ «ሚዩት»፣ ማለትም «ዲዳ» የተባለ ፊልም ሆኖ የወጣው ነው። ሮክዌል ግን የቀረበለትን ገጸ ባሕርይ ሳይሆን ሌላውን ፈለገና አልተስማሙም። ነገር ግን በጨዋታቸው መካከል ሁለቱም የ1970ዎቹን ሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልሞች፣ በተለይ ሕዋ ላይ ስለሚሠሩ ተራ ሠራተኞች የሚተርኩትን እንደሚወዱ ተረዱ። ጆንስም ተመልሶ ለሮክዌል ልክ የተሰፋ አዲስ ታሪክ አሰበ። የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው ናታን ፓርከር ነው።

ታሪኩ በጨረቃ የኋላ ገጽ ላይ ብቻውን ስለሚሠራ ሳም ቤል ስለሚባል ሰው ነው። ምድር የኃይል ምንጭ የምታደርገውን ሂሊየም 3 ከጨረቃ አፈር የሚሰበስቡትን ማሽኖች ይቆጣጠራል፤ የሦስት ዓመት ውሉ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሚስቱና ትንሽ ልጁ ምድር ላይ ይጠብቁታል። አብሮት ያለው ገርቲ የሚባል ሮቦት ብቻ ነው፤ ድምፁም የኬቨን ስፔሲ ነው። ከአንድ አደጋ በኋላ ግን ሳም ከራሱ ጋር አንድ የሆነ ሌላ ሳም ያገኛል፤ ሁለቱም የአንድ ሰው ቅጂዎች መሆናቸውን፣ የሚናፍቁት ቤተሰብም የሌላ ሰው ትዝታ መሆኑን ይደርሱበታል። በዚህ ዓይነት ፊልሞች ውስጥ ማሽኑ ከሃዲ መሆኑ የተለመደ ነው። ገርቲ ግን ሰውየውን ይረዳዋል፤ ጨካኙ ኩባንያው ነው። የዉስተሩ የፍልስፍና ተማሪ ስለሚያስብ ማሽን ያነሣው ጥያቄ ከ14 ዓመት በኋላ ምላሽ ያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በጀቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለሕዋ ፊልም ይህ እጅግ ትንሽ ነው። ቀረጻው በእንግሊዝ ሼፐርተን ስቱዲዮ በ33 ቀን አለቀ። የጨረቃውን ሜዳና የማዕድን ተሽከርካሪዎቹን በኮምፒውተር ብቻ ከመሥራት ይልቅ ትናንሽ ሞዴሎች ተሠርተው ተቀረጹ፤ ሞዴሎቹን የመራው በ1979ኙ «ኤሊየን» ላይ የሠራው ቢል ፒርሰን ነው። ይህ የገንዘብ እጥረት የወለደው ምርጫ ለፊልሙ ክብደት ሰጠው፤ አቧራው አቧራ፣ ብረቱ ብረት ይመስላል። ከሁሉ ከባዱ ግን ሮክዌል ከራሱ ጋር መጫወቱ ነበር። አንድ ትዕይንት መጀመሪያ እንደ አንዱ ሳም፣ ቀጥሎ እንደ ሌላኛው ሆኖ መጫወት፣ ሁለቱም በአንድ ሥዕል ላይ እንዲገጥሙ ደግሞ ዓይኑን ማንም በሌለበት ቦታ ላይ ማሳረፍ ነበረበት። ሁለቱ ሳሞች የጠረጴዛ ቴኒስ የሚጫወቱበትን ትዕይንት ያየ ሰው አንድ ተዋናይ መሆኑን ይዘነጋዋል። ሙዚቃው የክሊንት ማንሴል ነው።

ስለ «በራሱ ላብ» ትረካ እውነቱን መናገር ያለብን እዚህ ላይ ነው። ከፕሮዲውሰሮቹ አንዷ ትሩዲ ስታይለር የዘፋኙ የስቲንግ ባለቤት ናት። ጸሐፊው ናታን ፓርከር የዳይሬክተሩ የአለን ፓርከር ልጅ ነው። ከዋና ፕሮዲውሰሮቹ መካከል የቦዊን የገንዘብ ጉዳይ ያስተዳድር የነበረው ቢል ዚስብላት አለበት፤ ከእርሱ ጋር የተዘረዘረው ትሬቨር ቢቲ ደግሞ ከማስታወቂያው ዓለም የመጣ ነው። ስለዚህ ፊልሙ የተሠራው በከፊል ከልጅነት በተገኘ ትውውቅ፣ በከፊልም በሥራ በተገኘ ትውውቅ ነው። ይህን ማለት ፊልሙን አያሳንሰውም፤ ትውውቅ ካሜራ ያስገኛል እንጂ ሁለቱን ሳሞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያጫውት አይችልም። ነገር ግን በለንደን ዳርቻ የሚኖር፣ ተመሳሳይ ችሎታ ያለው የሾፌር ልጅ በ37 ዓመቱ ይህን ያህል ሰው በዙሪያው ሊሰበስብ ይችል እንደነበር ራሴን ስጠይቅ በድፍረት «አዎ» ለማለት አልችልም።

ፊልሙ በሲኒማ ቤት ያስገባው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነው፤ ክብሩ ግን ከገንዘቡ በለጠ። በ2009 የብሪታንያ ነጻ ፊልሞች ሽልማት ምርጥ ፊልም ተባለ። በ2010 ለሳይንሳዊ ልብወለድ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አገኘ፤ ጆንስም በዚያው ዓመት ለጀማሪ የብሪታንያ ፊልም ሠሪ የሚሰጠውን ባፍታ ወሰደ። ሽልማቱን ሲቀበል እንባ እየተናነቀው፣ መሥራት የሚወደውን ነገር ለማግኘት ረጅም ጊዜ እንደወሰደበትና አሁን ሳያገኘው እንዳልቀረ ተናግሯል። 

በብቸኝነት ሕዋ ላይ ስላለ ሰው መተረክ ለዚህ ቤተሰብ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ተቺዎች ወዲያው አስተውለዋል። ቦዊ በ1969 ዝናን ያገኘው ሕዋ ላይ ስለቀረ ጠፈርተኛ በሚተርክ ዘፈን ነው፤ በ1976 በወጣው ፊልምም ቤተሰቡን ትቶ ወደ ምድር የመጣ የሌላ ዓለም ፍጡር ሆኖ ተጫውቷል። ነገር ግን የአባት ሥራ የተለየ ፍጡር የመሆንን ናፍቆትና ሕመም ሲናገር፣ የልጁ ፊልም የሚናገረው ልዩ አለመሆንን በድንገት ስለማወቅ ነው። ሳም ቤል የሌላ ሰው ቅጂ ሆኖ ተፈጥሮ የራሱ ሰው ለመሆን ይታገላል። ከዝነኛ አባት የተወለደ ሰው ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ፊልሙ መምረጡን በአጋጣሚነት ብቻ ለማለፍ ይከብደኛል።

በሌላ ሰው ጽሑፍ

ሁለተኛው ፊልም «ሶርስ ኮድ» በ2011 ወጣ። ጽሑፉ የቤን ሪፕሊ ነው፤ ጆንስ እንዲያዘጋጀው ሐሳቡን ያቀረበውም «ሙን»ን አይቶ የወደደው ዋናው ተዋናይ ጄክ ጂለንሃል ነው። ወደ ቺካጎ የሚጓዝ ባቡር በቦምብ ይፈነዳል፤ አንድ ወታደር የተሳፋሪውን የመጨረሻ ስምንት ደቂቃ ደጋግሞ እየኖረ ቦምቡን ያኖረውን ሰው ይፈልጋል። በ32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ140 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ጆንስ በዚህ ሥራ ከዚያ በፊት ያልታየበትን ፍጥነትና ቀልድ አሳይቷል። በሙያው ውስጥ ያለው ሚዛን የተስተካከለበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው፤ በቂ ገንዘብ፣ የጠራ ጽሑፍና ለራሱ የሚተርፍ ነጻነት ነበረው።

የ«ዋርክራፍት» ዓመታት

በጃንዋሪ 2013 ጆንስ በብሊዛርድ ኩባንያ ታዋቂ የኮምፒውተር ጌም ላይ የተመሠረተውን «ዋርክራፍት» እንዲያዘጋጅ መመረጡ ተነገረ፤ ሥራውን ቀደም ሲል የያዘው ሳም ሬይሚ ነበር። በጀቱ 160 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም የ«ሙን» 32 እጥፍ ነው። ኦርክ የሚባሉትን ግዙፍ ፍጥረታት ለመሥራት የተዋናዮቹ የሰውነትና የፊት እንቅስቃሴ ተቀርጾ በኮምፒውተር ሌላ አካል ይለብሳል። እያንዳንዱ ውሳኔ በጌሙ ባለቤቶች፣ በስቱዲዮውና በዳይሬክተሩ መካከል የሚያልፍ ነበር። ጆንስ ራሱ ጌም እየተጫወተ ያደገ ሰው ነውና ሰውንም ኦርክንም በእኩል ዓይን ለማሳየት ፈለገ። የፊልሙ ጥሩ ጎን በሙሉ ከዚህ ፍላጎት የመነጨ ነው፤ ታሪኩ ግን ጌሙን የማያውቅ ተመልካች ትንፋሽ ሊያገኝበት በማይችል መጠን በስምና በቦታ ተጨናንቋል።

ሥራው ሦስት ዓመት ተኩል ወሰደ። በመጀመሪያው ወቅት ባለቤቱ የጡት ካንሰር እንዳለባት ተነገራት፤ እርሷ ታክማ ዳነች። ወደ መጨረሻው ግን አባቱ በካንሰር ታመመ። ቦዊ በጃንዋሪ 10 ቀን 2016፣ 69ኛ ልደቱንና የመጨረሻ አልበሙን መውጣት ባከበረ በሁለተኛው ቀን አረፈ። ፊልሙ ሲኒማ ቤት የደረሰው አምስት ወር ቆይቶ በጁን ነው። ጆንስ ይህ ሥራ በካንሰር ተጀምሮ በካንሰር እንዳለቀ በቃለ ምልልስ ተናግሯል። ይህን እያወቀ ፊልሙን ለሚያይ ሰው በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ያለው የኦርኩ አባትና የሕፃን ልጁ ጉዳይ ቀላል አይሆንለትም።

ተቺዎች ፊልሙን አልወደዱትም፤ በአሜሪካም ያስገባው 47 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። በቻይና ግን ጌሙን የሚጫወቱ ሰዎች ወደ ሲኒማ ቤት ጎርፈው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገቡለት፤ በዓለም ዙሪያ ያገኘው ወደ 439 ሚሊዮን ይደርሳል። ያም ሆኖ ለማስታወቂያና ለሲኒማ ቤቶች ድርሻ የሚወጣው ወጪ ሲታሰብ ስቱዲዮው ሁለተኛ ክፍል አልሠራለትም።

የበርሊኑ ዲዳ

ከዚያ በኋላ ጆንስ ሮክዌል ያልተስማማበትን የድሮ ጽሑፍ አወጣ። «ሚዩት» ከመጀመሪያው ሐሳብ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2018 በኔትፍሊክስ ታየ። በወደፊቷ በርሊን፣ ማለትም ልጅ ሳለ አባቱ በኖረባት ከተማ፣ በአሌክሳንደር ስካሽጎርድ የሚጫወተው መናገር የማይችል የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ የጠፋችበትን ወዳጁን ይፈልጋል። በአንድ ትዕይንት በቴሌቪዥን ላይ ሳም ሮክዌል ብዙ ሳም ቤሎች ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱ ፊልሞች የአንድ ዓለም መሆናቸው በዚህ ይታወቃል። ፊልሙ የተበረከተው ለአባቱና ላሳደገችው ሞግዚቱ መታሰቢያ ነው።

ተቺዎች ክፉኛ ነቀፉት፤ እኔም ከእነርሱ ብዙ አልለይም። ዲዳው አስተናጋጅ ዋናው ሰው ይሁን ወይስ በታሪኩ ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዙት ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ፊልሙ ራሱ ወስኖ አልጨረሰም። ጊዜ ከውርሶቹ ሁሉ የሚበልጠው ነው ብያለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ጊዜ ራሱ ጎድቶታል። ጽሑፉ በየዓመቱ እየተደራረበ ከብዷል፤ «ሙን»ን ያቀና የነበረው የገንዘብና የቀን ገደብም አልነበረም። ቢሆንም ይህን ፊልም በንቀት ለማየት አልችልም። አንድ ሰው ያሳደጉትን ሁለት ሰዎች ተከታትሎ ካጣ በኋላ፣ በልጅነቱ ወደኖረባት ከተማ በምናብ ተመልሶ፣ መናገር የማይችል ሰው የወደዳትን ሲፈልግ የሠራው ሥራ ነው።

የዚህን ዓለም ሦስተኛ ክፍል በፊልም ሳይሆን በሥዕላዊ ልብወለድ መልክ አሳተመው፤ ማሳተሚያውን ያዋጡት አንባቢዎች ናቸው። ቀጥሎ የያዘው «ሮግ ትሩፐር» በ1981 በብሪታንያው የኮሚክ መጽሔት «2000 ኤዲ» መውጣት የጀመረ ታሪክ ነው። አየሯ በጦርነት በተመረዘች ፕላኔት ላይ ብቻውን የቀረ ወታደር የሞቱ ሦስት ጓደኞቹን አእምሮ በጥቃቅን ቺፖች ይዞ ይዞራል፤ አንዱ ከጠመንጃው፣ አንዱ ከቆቡ፣ አንዱ ከሻንጣው ሆነው ያናግሩታል፣ ይከራከሩታል፣ ከአደጋም ያስጠነቅቁታል። ጆንስ ታሪኩን በአኒሜሽን ለመሥራት መርጧል፤ በ2024 ይፋ ከሆኑት የድምፅ ተዋናዮች መካከል አናይረን ባርናርድ፣ ሄይሊ አትዌልና ጃክ ሎውደን ይገኛሉ። ከ«ሙን» የጠረጴዛ ቴኒስ ጀምሮ ሥራውን ለተከታተለ ሰው፣ ብቻውን የሚጓዝን ሰውና ከእርሱ ጋር የሚነጋገሩትን ሙታን መምረጡ ከቀድሞው መንገዱ የራቀ አይደለም።